ዓይኔን ስጨፍን ዓለም የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «ከጥቂት ወራት ወዲህ ስለ ንቃተ ህሊና የሚያወሩ ቪዲዮዎችን አዘወትራለሁ። አንዱ ‹የምናየው ነገር ሁሉ አንጎላችን የፈጠረው ቅዠት ነው› ይላል። ሌላው ደግሞ ማንም ካላየው ቁስ የሚባል ነገር እንደሌለ ኳንተም ፊዚክስ አረጋግጧል፤ የ2022 የኖቤል ሽልማትም የተሰጠው ለዚሁ ነው ይላል። ሁለቱን ስደምራቸው ከጭንቅላታችን ውጪ ዓለም የለም ማለት አይደለም? ሐሳብን በመቀየር እውነታን መቀየር ይቻላል የሚሉትስ? እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ ስሄድ ሁሉም ነገር ፊልም እየመሰለኝ ነው።»

መልስ፦ የማይደመሩ ሁለት ነገሮችን ደምረዋል። ስለ አንጎል የሰሙት በአብዛኛው ልክ ነው፤ ግን አንድ ሐረግ ተቆርጦበታል። ስለ ኳንተም (እንደ አቶምና ኤሌክትሮን ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን ስለሚያጠናው ፊዚክስ) የሰሙት ስህተት ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ደግሞ ፍልስፍና አይደለችም። ለብቻዋ መልስ ትፈልጋለች፤ መጨረሻ ላይ እመጣባታለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንጎል ልጀምር። የእኔ ሥራ እይታ ላይ ስለሆነ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ። ነጭ ወረቀት ያምጡ። በግራ በኩል ትንሽ የመደመር ምልክት ያድርጉ። ከእሷ በስተቀኝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው አንዲት ጥቁር ነጥብ ያድምቁ። ግራ ዓይንዎን ይጨፍኑና በቀኝ ዓይንዎ የመደመር ምልክቷን ብቻ ይዩ። ወረቀቱን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ፊትዎ ያቅርቡት፣ መልሰው ያርቁት። አንድ ቦታ ላይ ነጥቧ እልም ትላለች። ካልጠፋች ዓይንዎ ሰርቃ ወደ ነጥቧ ሄዳለች ማለት ነው፤ እንደገና ይሞክሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ የነርቭ ክሮች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ይወጣሉ። በዚያ ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ኤድም ማሪዮት የተባለ ፈረንሳዊ ይህን ያገኘው በ1660ዎቹ ነው። ቁም ነገሩ ግን የነጥቧ መጥፋት አይደለም። በእሷ ቦታ ምን አዩ? ጥቁር ቀዳዳ አላዩም። ነጭ ወረቀት አዩ። ያንን ነጭ ዓይንዎ አልላከውም። አንጎልዎ ዙሪያውን አይቶ ሞላው። ይህ ክፍተት ዕድሜ ልክዎን አብሮዎት ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን «እዚህ ጋ ምን ጎደለ?» ብለው አያውቁም።

ሌላም አለ። ክንድዎን ዘርግተው አውራ ጣትዎን ይዩ። በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታይዎት የዚያችን ጥፍር ስፋት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ብዥ ያለ ነው። ዓይን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል እየዘለለች ነው ትዕይንቱን የምትለቃቅመው። መስታወት ፊት ቆመው አንዴ ግራ ዓይንዎን፣ አንዴ ቀኝ ዓይንዎን ይዩ። ዓይንዎ ስትንቀሳቀስ በፍጹም አያዩም። አጠገብዎ የቆመ ሰው ግን ያያል። በዝላዩ መሐል የሚመጣውን የተዘበራረቀ ምስል አንጎል አፍኖ ያስቀረዋል።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ብርሃን የሞገድ ርዝመት አለው እንጂ ቀለም አልተቀባም። ከሦስት ዓይነት ሕዋሳት የመጣውን ምልክት አወዳድሮ «ቀይ» የሚለው አንጎል ነው። በ2015 ኢንተርኔቱን ለሁለት የከፈለችውን ቀሚስ ያስታውሷታል? አንዱ ነጭና ወርቃማ ነች ሲል ሌላው ሰማያዊና ጥቁር ነች እያለ የተነታረከባትን? ሁለት ሰዎች አንዱን ስክሪን ጎን ለጎን ሆነው እያዩ እንኳ አልተስማሙም። የተለያየው አንጎላቸው ቀሚሷ ላይ ስላረፈው መብራት ያደረገው ግምት ነው።

ስለዚህ «አንጎል ምስሉን ይሠራል» የሚለው እውነት ነው። አዲስም አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማየት ማለት ሳይታወቀን የምናደርገው ግምት ነው ብሎ ነበር። ዛሬ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ነገሩን «ቁጥጥር ያለበት ቅዠት» ይሉታል። ቪዲዮው «ቁጥጥር ያለበት» የሚለውን ቆርጦ «ቅዠት»ን ብቻ ይዞ ሄደ። ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ በተቆረጠው ውስጥ ነው።

ጨለማ ውስጥ ደረጃ ሲወርዱ አንድ ደረጃ የቀረ መስሎዎት ያውቃል? እግርዎን ወደ ታች ይልካሉ። ወለሉ ሳይታሰብ ቀድሞ ይደርሳል። ጉልበትዎ ይርገደገዳል፣ ጥርስዎ ይጋጫል፣ ልብዎ ድንግጥ ይላል። አንጎልዎ ደረጃ አለ ብሎ ነበር። ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረም። ታዲያ «የለም» ያለው ማን ነው? ግምቱ የመጣው ከእርስዎ ነው። እርማቱ የመጣው ከውጪ ነው። ይህ በደረጃ ላይ ጎልቶ ታየ እንጂ ዓይንዎ በዘለለ ቁጥር፣ እጅዎ አንድ ነገር በነካ ቁጥር የሚደረግ ነው። አንጎል ይገምታል፣ ዓለም ያርማል። ከውጪ የሚመጣው እርማት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆንም እናውቃለን፤ በየሌሊቱ ሕልም የምንለው እሱን ነው።

በነገራችን ላይ «ሁሉም ቅዠት ነው» የሚለው ክርክር ራሱን በራሱ ይበላል። አንጎል ምስል እንደሚሠራ ያወቅነው እንዴት ነው? ዓይን መርምረን፣ ነርቭ ተከትለን፣ አንጎል ቀደን አይተን ነው። ያየነው ሁሉ ውሸት ከሆነ አንጎሉም ውሸት ነው። ማስረጃውን ጥሎ መደምደሚያውን ይዞ መሄድ የለም።

ወደ ኳንተሙ ልምጣ። እዚህ ጋ ጥፋቱ የአንዲት ቃል ነው፤ «ማየት» የምትባለዋ።

ሙከራው ይህ ነው። ሁለት ጠባብ ስንጥቅ ባለው ግርዶሽ በኩል ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ይልካሉ። እያንዳንዱ ከኋላ ያለው መቅረጫ ላይ አንድ ነጥብ ይተዋል። መጀመሪያ ነጥቦቹ እንደ ተበተነ ጥሬ ናቸው። በሺዎች ሲጠራቀሙ ግን ደማቅና ደብዛዛ መስመሮች እየተፈራረቁ ብቅ ይላሉ። ውሃ ላይ ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ እንደሚሠሩት ዓይነት ጥለት ነው። በ1989 አኪራ ቶኖሙራና የሂታቺ ኩባንያ ባልደረቦቹ ከሁለት ስንጥቅ ጋር አቻ በሆነ ዝግጅት ይህንን ነጥብ በነጥብ ቀርጸው አሳይተዋል። አሁን ኤሌክትሮኑ በየትኛው ስንጥቅ እንዳለፈ የሚመዘግብ መሣሪያ ይግባ። መስመሮቹ ይጠፋሉ። ቪዲዮዎቹ «ሲታይ ባሕርዩን ይቀይራል» የሚሉት ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ ከጎኑ ትልቅ የሰው ዓይን ይሥሉበታል። ሰው የሚሸወደው በዚያ ሥዕል ነው።

ፊዚክስ ውስጥ «ታየ» ማለት ሰው አፍጥጦ አየው ማለት አይደለም። ቅንጣቱ ከሌላ ነገር ጋር ተገናኝቶ የት እንዳለፈ የሚናገር ዱካ ተወ ማለት ነው። ዱካውን የሚያነብ ሰው ይኑር አይኑር ለውጤቱ ለውጥ የለውም። ይህ የእኔ አባባል ብቻ አይደለም፤ ተሞክሯል። በቪየና በ2004 ይፋ የሆነ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎቹ 70 የካርቦን አቶሞች የተያያዙበትን ሞለኪውል ተጠቀሙ። ቀዝቀዝ ሲል የሞገዱ ጥለት ይታያል። ከዚያ ሞለኪውሉን በሌዘር ያግሉታል። የጋለ ብረት እንደሚያበራው ሁሉ የጋለው ሞለኪውልም በጉዞው ላይ የራሱን ብርሃን ይረጫል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጥለቱ እየደበዘዘ ሄደ። ያንን የተረጨ ብርሃን የሰበሰበ ሰው አልነበረም። ያነበበው ሰው አልነበረም። ብርሃኑ ስለ ሞለኪውሉ ቦታ መረጃ ይዞ ወደ አካባቢው መውጣቱ ብቻ በቃ። ፊዚክሰኞች ይህንን ዲኮሂረንስ ይሉታል፤ ሐሳቡን በ1970 ያስጀመረው ሃይንዝ ዲተር ዜ ነው።

ታዲያ ንቃተ ህሊና ከየት መጣ? ከባለሙያዎቹ ራሳቸው ነው፤ ቪዲዮ ሠሪዎቹ ከሜዳ አላመጡትም። የሂሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን በ1932 የልኬቱ ሰንሰለት (ከቅንጣቱ ወደ መሣሪያው፣ ከመሣሪያው ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ አንጎል) የት ላይ እንደሚቆም ሂሳቡ እንደማይናገር አሳየ። መሣሪያው ላይም፣ ዓይን ላይም፣ ከዚያ ወዲያም ሊቆም ይችላል። ፊዚክሰኛው ዩጂን ዊግነር በ1961 ሰንሰለቱ የሚቆመው ንቃተ ህሊና ላይ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኋላ ግን ዊግነር ራሱ ይህንን አቋም ተወው፤ የዜ ሥራም ለዚህ አንዱ ምክንያት ነበር። የፊዚክሰኛው ሽሮዲንገር ድመትም፣ ሳጥኑ ተከፍቶ እስክትታይ ሕያውም ሙትም ናት የምትባለው ምናባዊ ድመት፣ እንዲሁ ተገልብጣ ነው የምትተረከው። በ1935 ሽሮዲንገር ድመቷን ያመጣት «እዩ፣ ይህ አተረጓጎም ወዴት ወዴት እንደሚወስደን» ብሎ ለመሳለቅ ነበር። ዛሬ በሳጥን ያለች ድመት በእውነት በአንድ ጊዜ ሕያውም ሙትም ናት የሚሉ ሰዎች እሱን ምስክር ይጠራሉ።

የ2022ቱ ኖቤል ደግሞ ለአላን አስፔ፣ ለጆን ክላውዘርና ለአንቶን ሳይሊንገር ነው የተሰጠው። ሥራቸው ፊዚክሰኛው ጆን ቤል በ1964 ካወጣው ቀመር ጋር የተያያዘ ነው። ቀመሩ ሁለት ግምቶችን አንድ ላይ ይፈትናል። አንዱ፣ ቅንጣቶች ከመለካታቸው በፊት ለልኬቱ የተዘጋጀ መልስ ይዘው ይዞራሉ የሚል ነው። ሌላው፣ ከብርሃን ፈጥኖ የሚደርስ ተጽዕኖ የለም የሚል ነው። ሙከራዎቹ ሁለቱ አብረው ሊቆሙ እንደማይችሉ አሳዩ። የትኛው ይውደቅ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። «ዓለም የለም» የሚል ነገር ግን የትም የለም። ልኬቱን ያደረጉትም የብርሃን መቀበያዎችና ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ናቸው።

የማልደብቅዎት ነገር አለ። ዲኮሂረንስ ጥለቱ ለምን እንደሚጠፋ ያስረዳል። ከብዙ ሊሆኑ ከሚችሉ ውጤቶች ለምን አንዱ ብቻ እንደሚታየን ግን ብቻውን አያስረዳም። በዚህ ላይ ፊዚክሰኞች ዛሬም አልተስማሙም። አንዱ ብዙ ዓለማት አሉ ይላል፣ ሌላው የተደበቀ መንገድ አለ ይላል፣ ብዙው ደግሞ ሂሳቡን ሠርቶ ዝም ይላል። ያልተፈታ ነገር መኖሩ ግን «እንግዲያው ህሊና ነው ያደረገው» ለማለት ፈቃድ አይሰጥም።

ሐሳብ እውነታን ይቀይራል ለሚለው የምመልሰው በአንድ መሳቢያ ነው። ፈረንሳዊው ፊዚክሰኛ አንሪ ቤከረል በ1896 የዩራኒየም ጨው የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ጨረር ይሰጣል ብሎ ያምን ነበር። ሊሞክረው ተዘጋጀ። ፓሪስ ለቀናት ደመና ሆነች። በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለውን የፎቶግራፍ ፕሌት ከነጨው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማርች 1 ቀን አውጥቶ አጠበው፤ ፀሐይ ስላላገኘ ደብዘዝ ያለ ጥላ ብቻ ጠብቆ ነበር። ጉልህ ጥቁር ምስል አገኘ። መሳቢያው ዝግ ነበር። ማንም አላየውም። ሬድዮአክቲቪቲ (ቁስ ከራሱ ጨረር መስጠቱ) የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። የሚያየው ቢኖርም የሚጠብቀው ሌላ ነበር። ዩራኒየሙ ግን ሥራውን ይሠራ ነበር።

አቶምም እንዲሁ ነው የታመነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አቶም መኖሩን የሚጠራጠሩ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ዣን ፔራን በተወሰነ መጠን ውስጥ ስንት ሞለኪውል እንዳለ ከአሥር በሚበልጡ የማይገናኙ መንገዶች ተቆጥሮ ምን እንደሚወጣ ሰበሰበ። አንዱ መንገድ ፈሳሽ ላይ በሚንቀጠቀጡ ቅንጣቶች ነው፣ ሌላው በሰማዩ ሰማያዊነት ነው፣ ሌላው በሬድዮአክቲቪቲ ነው። ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር ሰጡ። አንድ ምስክር ሊሳሳት ይችላል። የማይተዋወቁ አሥር ምስክሮች አንድ ነገር ሲናገሩ ግን ነገሩ ተደርጓል። የእይታችንን ድክመት የምናልፈው በዚህ መንገድ ነው እንጂ ዓይናችንን አምነን አይደለም።

ይህ ሲባል ጠረጴዛው እንደሚታይዎት ነው ማለቴም አይደለም። ቀለሙ ከእርስዎ ነው። ጥንካሬው ደግሞ የኤሌክትሮኖች መገፋፋትና በአንድ ቦታ አንደራረብም ማለታቸው ነው። «አቶም 99 በመቶ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ጠረጴዛው የለም» የሚለው ግን ሌላ ሽወዳ ነው። አስኳሉ ከአቶሙ በመቶ ሺህ ጊዜ ገደማ ያንሳል፤ እሱ ልክ ነው። የቀረውን ግን ኤሌክትሮኖቹ እንደ ደመና ሞልተውታል። አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ ማስረዳት ነገሩን ማጥፋት አይደለም።

ንቃተ ህሊና ራሱ ምንድን ነው ለሚለው፣ እዚህ ጋ ጥያቄው በእውነት ክፍት ነው። አንጎል ቀይን ከአረንጓዴ እንዴት እንደሚለይ ደህና አድርገን እናውቃለን። ቀይ ሲታየኝ ለምን «እንዲህ» ይሰማኛል የሚለውን ግን አናውቅም። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1990ዎቹ አስቸጋሪው ጥያቄ ያለው ይህንን ነው። በ1998 የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ በ25 ዓመት ውስጥ ንቃተ ህሊና በአንጎል ውስጥ የሚተወው ግልጽ አሻራ ይገኛል ብሎ ከቻልመርስ ጋር ተወራረደ። በ2023 ተሸነፈና ወይኑን በካርቶን ከፈለ። ህሊና ከቁስ አይመጣም፣ እሱ ራሱ መሠረት ነው የሚሉ ከባድ ፈላስፎችም አሉ። አላጣጥላቸውም። ግን እነሱም ቪዲዮው የሚሸጥልዎትን አይሸጡም። በ1710 ነገር ያለ አእምሮ አይኖርም ብሎ የጻፈው ጆርጅ በርክሊ እንኳ ዓይንዎን ሲጨፍኑ ጠረጴዛው ይጠፋል አላለም። እግዚአብሔር ሁልጊዜ ያየዋልና ይኖራል ነው ያለው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። አንጎል ምስሉን ይሠራል የሚለውን ይያዙ። በማየት ቁስ ይፈጠራል የሚለውን ይጣሉት። ንቃተ ህሊና ምንድን ነው የሚለውን ክፍት ይተዉት። ከእንግዲህ «ሲታይ ተቀየረ» የሚል ነገር ሲሰሙ «በምን መሣሪያ ነው የተለካው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለው ይዝጉት። በኳንተም እውነታዎን ይቀይሩ የሚል ኮርስ ላይ ሳንቲም አያውጡ። ሐሳብ ኃይል የለውም እያልኩ አይደለም። ትኩረትዎን፣ ስሜትዎን፣ ሕመም የሚሰማዎትን መጠን፣ ነገ የሚያደርጉትን ይቀይራል። መድኃኒት ነው ተብሎ የተሰጠ ባዶ ክኒን ሕመም ያስታግሳል። ዕጢ ግን አያሟሽሽም፣ ባክቴሪያም አይገድልም። በዚህ ወሬ ተማምነው የታዘዘልዎትን መድኃኒት እንዳያቋርጡ።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር። ዓለም ፊልም የሚመስልበት ስሜት በሕክምና ዲሪያላይዜሽን ይባላል። ለአጭር ጊዜ ሲመጣ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ድንገተኛ ፍርሃት፣ ካናቢስ ያመጡታል። እርስዎ የጻፉት «እየመሰለኝ ነው» ብለው ነው። «ነው» አላሉም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። መምሰሉንና መሆኑን መለየትዎ ደህና ምልክት ነው። ቪዲዮዎቹን፣ በተለይ ማታ የሚያዩዋቸውን፣ ለጥቂት ሳምንታት ያቁሙ። እንቅልፍዎን ያስተካክሉ። በየመንገዱ «ይህ እውነት ነው?» እያሉ ራስዎን አይፈትኑ፤ ስሜቱን የሚያባብሰው እሱ ነው። በመጣ ጊዜ ይሂድ ብለው የያዙትን ሥራ ይቀጥሉ። እየነዱ ከሆነ ግን ጥግ ይያዙና ይቁሙ።

ለሳምንታት ካልለቀቀዎት፣ ሥራዎን ካወከ፣ ወይም ራስ መሳት፣ የማያስታውሱት ክፍተት፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ካለበት የሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም የነርቭ ሐኪም ይዩ። ማይግሬንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶችም ይህንን ስሜት ያመጣሉ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ሳያድሩ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ከኳንተም አይጀምሩ። «መንገድ ላይ ስሄድ ፊልም ይመስለኛል» ብለው ይጀምሩ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይንገሩት።